«ዶን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይሳሳቱ መጠቀሚያ

ደሴ ላይ ጎህ ቀዶ፣ ሰውና ቁጥቋጦ መለየት ሲጀምር ፀሐይዋ ገና አልወጣችም። እንግሊዝኛው «ዶን» የሚለው ይህችን ጊዜ ነው፤ ጨለማው መሳሳት ከጀመረበት እስከ ፀሐይ መውጫ ያለችውን። የጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ጨረር ካረፈ ግን ዶን አልፏል፤ ያ «ሰንራይዝ» ነው። አስጎብኚም፣ አስተርጓሚም፣ የእንግሊዝኛ መምህርም ቢሆን በዚህ ቃል የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ የብርሃንን ስም የሰዓት ስም አድርጎ ስለሚይዘው ነው።

መጀመሪያ አነባበቡ። ሲጻፍ ዲ፣ ኤ፣ ደብልዩ፣ ኤን ነው፤ ደብልዩዋ ግን ለብቻዋ አትሰማም። «ዶ»ን ረዘም አድርጎ በ«ን» መዝጋት ነው። «ዳውን» ከተባለ ቃሉ ሌላ ነው፤ «ወደ ታች» ማለት ይሆናል። በጽሑፍም ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በኤ ፈንታ ኦ ከገባ ንጋቱ ቁልቁለት ሆነ ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ማረሚያም አያድንም፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና።

ወደ አማርኛ ሲመለስ በአማርኛ ያለን ቃል ከእንግሊዝኛው ይበዛል። «ዶሮ ሲጮህ» እና «ሌሊት ለንጋት» ከዶን በፊት ያሉ ናቸው፤ «ቢፎር ዶን» ይባላሉ። «ጎህ ሲቀድ»፣ «ሲነጋጋ» እና «ወገግ ሲል» ራሱ ዶን ናቸው። «ማለዳ» ግን ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ስለሚዘልቅ «አርሊ ሞርኒንግ» ይሻለዋል። ደስ የሚለው አጋጣሚ፣ አማርኛ ጎህ ይቀዳል ሲል እንግሊዝኛም ዶን ይሰበራል ይላል፤ «ዶን ብሮክ» ማለት ጎህ ቀደደ ነው። «አት ዘ ክራክ ኦቭ ዶን» ሲሉም ያችኑ ስንጥቅ ማለታቸው ነው፤ ገና ጭል ሲል፣ በጣም በማለዳ ለማለት። «አጥቢያ ኮከብ»ን ግን በዶን አይተርጉሙ፣ ስሟ «ሞርኒንግ ስታር» ነው።

መስተዋድዱ «አት» ነው፤ «አት ዶን»። «ኢን ዶን» ወይም «ኦን ዶን» አይባልም። መካከል ላይ «ዘ» የሚገባው ከኋላው «ኦቭ» ሲከተል ነው። «አት ዘ ዶን» ብሎ ዝም ማለት ጆሮ ያስከፋል።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ወሎ ውስጥ ፀሐይ በግንቦት መጨረሻ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ በጥር አጋማሽ ወደ 12፡50 ትጠጋለች። ያለ መብራት ለመሄድ የሚበቃው ብርሃን የሚመጣው ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ቀድሞ፣ ፀሐይ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ስትደርስ ነው። የመጀመሪያው ጭላንጭል ደግሞ 18 ዲግሪ ላይ ሳለች፣ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ቀድሞ ይታያል። ለንደን ላይ ያ 20 ደቂቃ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ እንግዳው በአገሩ ልማድ ዶንን ረዘም አድርጎ ሊጠብቀው ይችላል። ለገና ላሊበላ የመጣ እንግዳ «አት ዶን እንገናኝ» ቢባልና አስጎብኚው 11፡30፣ እሱ 12፡30 ቢያስብ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12፡45 ገደማ፣ ወገግ የሚለው ደግሞ 12፡25 ገደማ ነው። ስለዚህ ቃሉን ይጻፉና ሰዓቱን ለብቻው ያክሉ፤ በኛ 11፡30 የሆነውን 6 ሰዓት ቀንሰው 5፡30 ብለው፣ «ኤኤም» ጨምረው።

ቀኑም ያደናግራል። «ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት» ስንል ብዙዎቻችን ቅዳሜ መሽቶ የሚመጣውን ሌሊት እናስባለን፤ በእንግሊዝኛ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ እሑድ ሆኗል። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» የሚለውን «ሰንደይ፣ ቢፎር ዶን» ብለው ይመልሱት። «ሳተርደይ» ብለው ከጻፉት መኪናው ሲነሳ እንግዳው ቀድሞ መጥቶ ተመልሶ ሄዷል፣ አለዚያም ገና ተኝቷል።

ወሎ ውስጥ ሱብሒ ሳይጠቀስ ስለ ዶን አይወራም። የሱብሒ ሶላት በእንግሊዝኛ «ዶን ፕሬየር» ይባላል፤ ልክ ነው። የረመዳን ጾም የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ስለሆነ «ፍሮም ዶን ቱ ሰንሴት» ይጻፉ። «ፍሮም ሰንራይዝ» የሚለው ከአንድ ሰዓት በላይ ያስበላል። ሱሁር ደግሞ «ፕሪ ዶን ሚል» ነው። የቂርአት ቤት ተማሪ የሚያውቀው የፈጅር ካዚብና የፈጅር ሷዲቅ ልዩነትም በእንግሊዝኛ ቃል አለው። ካዚቡ ከአድማስ ሽቅብ እንደ ምሰሶ ቆሞ የሚታየው ብርሃን ነው፤ ስሙ «ፎልስ ዶን»። ሷዲቁ በአድማስ አግድም የሚዘረጋው ነው። ይሄው «ፎልስ ዶን» ጋዜጣ ላይ ሲገኝ ግን ሰማይ አይደለም፤ ብልጭ ብሎ የጠፋ ተስፋ ማለት ነውና «ከንቱ ተስፋ» ብሎ መመለስ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን በኩል ጸሎተ ነግህን «ሞርኒንግ ፕሬየር» ማለት ይቀላል።

ቃሉ ግስም ይሆናል፤ እንዲያውም ግሱ ቀድሞ የነበረ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቀን ከሚለው ቃል «ነጋ» የሚል ግስ ወጣ፣ ስሙ የኋላ ኋላ መጣ፤ ንጋት ከነጋ እንደሚወጣ። ዛሬ ግሱ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ነገር ዘግይቶ ሲገባ ነው። «ኢት ዶንድ ኦን ሚ ዛት» ማለት «ቆይቶ ገባኝ»፣ «ኋላ ላይ ተገለጠልኝ» ነው። ተማሪው «አይ ዶንድ» ብሎ የሚሳሳተው «አይ አንደርስቱድ» የሚለውን ስለለመደ ነው። መድኃኒቱ አማርኛው ራሱ ነው፤ «ገባኝ» ስንል የሚገባው ነገሩ፣ የሚገባበት ሰው ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነገሩን ከፊት፣ ሰውየውን ከ«ኦን» በኋላ ያስቀምጣል። «ቱ ሚ» ወይም «ፎር ሚ» አይሆንም። ሌላ ሰው ለነገረን ነገርም አይሆንም፤ መኪናው ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ቁልፉ ደሴ መቅረቱ በራሱ ትዝ ካለን ዶንድ ነው፣ ስልክ ተደውሎ ከተነገረን አይደለም።

«ዘ ዶን ኦቭ» የአንድ ዘመን መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ጎህም ንጋትም ተስፋ ያዘሉ ናቸው። «የነፃነት ጎህ» ያምራል። «የኒውክሌር ዘመን ጎህ» ግን ቦምቡን የሚያወድስ ይመስላል፤ እንግሊዝኛው ያንን ውዳሴ አላለም። «መባቻ» ወይም «ጅማሬ» ይግባበት።

የቀሩት ቀላል ናቸው። «ዶን ኮረስ» የወፎች የንጋት ጫጫታ ነው። «ዶን ሬይድ» ፖሊስ ሰው ሳይነቃ የሚያደርገው ድንገተኛ ፍተሻ ነው፤ በአክሲዮን ገበያ ዜና ከመጣ ገበያው እንደተከፈተ የአንድ ኩባንያን አክሲዮን በብዛት መግዛት ነው። የሴት ስም ሆኖ ሲገኝ አይተረጎምም፣ «ዶን» ተብሎ ይቀራል። በአንዳንድ የአሜሪካ አካባቢ ግን «ዶን» ከሚባለው የወንድ ስም ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሰማ፣ በስልክ ሲመዘግቡ ፊደሉን ያስቆጥሩ።