ለዲሲ ምክር ቤት መወዳደር ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት 13 መቀመጫ አለው። 8ቱ የየዋርዱ፣ ማለት ከተማው የተከፈለባቸው 8 የምርጫ ክልሎች ናቸው፤ 4ቱና ሰብሳቢው በመላው ከተማ ይመረጣሉ። ከእኛ ሰው ለመወዳደር የሚነሳ ስሰማ ደስ ይለኛል። ደንቡን ሳያውቅ ሲገባበት ግን ያሳስበኛል።

ሀበሻ ሁሉ መራጬ ነው ብሎ መነሳት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሥራችን ዲሲ፣ ቤታችን ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ስለሆነ ድንበሩ ትዝ አይለንም። የምርጫ ሕጉ ግን ድንበሩን አይረሳም። የሜሪላንድ ወንድማችሁ አብሯችሁ በር ሊያንኳኳ ይችላል፣ ድምፁ ግን የለም።

ያገኙትን ሰው ማስፈረም። በዴሞክራት ፕራይመሪ፣ ማለት ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ፣ ስማችሁ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ለዋርድ መቀመጫ 250፣ ለመላው ከተማ 2,000 ፊርማ ይጠየቃል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ፈራሚው የተመዘገበ መራጭ፣ የፓርቲያችሁ አባል፣ ለዋርድ ከሆነ ደግሞ የዚያው ዋርድ ነዋሪ መሆን አለበት። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ፊርማም ሊጣል ይችላል። ወረቀቱ ከገባ በኋላ የመቃወሚያ 10 ቀን አለ፤ የተቀናቃኝ ሰዎች ስም በስም ነው የሚያጣሩት። ስለዚህ እጥፉን ሰብስቡ።

በትልቅ ራት ገንዘብ እሰበስባለሁ ማለት። ከተማው ለአነስተኛ መዋጮ ማዛመጃ የሚከፍልበት ፕሮግራም አለ። ብቁ ከሆናችሁ የዲሲ ነዋሪ የሚሰጠው 1 ዶላር ሌላ 5 ዶላር ያመጣል፤ 20 ዶላር 120 ሆነ ማለት ነው። ከቨርጂኒያ የመጣ መዋጮ ግን ማዛመጃ የለውም። በፕሮግራሙ ውስጥ እያላችሁ የድርጅት ቼክ መቀበልም ክልክል ነው፤ ምግብ ቤት ያለው ወዳጃችሁ ከራሱ ኪስ ይስጥ።

የኖቬምበሩን ጠቅላላ ምርጫ መጠበቅ። አብዛኛው መራጭ ዴሞክራት ስለሆነ የዋርድ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በፕራይመሪ ነው፣ ፕራይመሪው ደግሞ ዝግ ነው። ፓርቲ ሳይመርጥ የተመዘገበ ደጋፊያችሁ እዚያ ድምፅ የለውም። በ2024 ሕዝቡ ኢኒሼቲቭ 83 የተባለውን የሕዝብ ድምፅ ሐሳብ ሲያጸድቅ ይህ እንዲከፈት ጠይቆ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን በ2025 ገንዘብ የመደበው ለሌላው ክፍል፣ መራጩ ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል ለሚያስቀምጥበት የደረጃ ምርጫ ብቻ ነው። ሕዝብ የወሰነውን እንዲህ ቆርጦ መውሰድ ልክ አይመስለኝም። እስኪስተካከል ድረስ ግን ደጋፊዎቻችሁ ፓርቲ እንዲመርጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መቀየሪያው ቀነ ገደብ አለው።

ተቀናቃኝን መዝለፍ። በደረጃ ምርጫ መራጩ እስከ 5 ተወዳዳሪ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አንደኛ ያለው ከወደቀ ድምፁ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። የሌላ ሰው ደጋፊ በር ላይ ስትደርሱ «እሺ፣ እኔን ሁለተኛ አድርጊኝ» በሉ። እጩዋን ሰድባችሁባት ከሆነ ግን አትሰማችሁም።

አንድ ዓመት በዲሲ ሳይኖሩ ለምክር ቤት መወዳደር እንደማይቻልም አትርሱ። ያ ገና ከሆነ ወይም 250ው ከከበዳችሁ የሰፈር ጉዳይ ላይ ከተማውን የሚያማክረው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን (ANC) አለ፦ 25 ፊርማ፣ ፓርቲ የለ፣ ፕራይመሪ የለ። መራጮቹም የገዛ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው።