«ቀለም ይሸፍነዋል» እና ሌሎች የሞዴል አውሮፕላን ስህተቶች

የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያ ሞዴሉን በጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። የ1/72 ስፒትፋየር ናት፤ የብሪታንያዋ ተዋጊ አውሮፕላን በ72 እጥፍ አንሳ። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 15.6 ሳንቲሜትር። ክንፎቿ ደህና ተገጥመዋል፣ ጭራዋም አልተጣመመም። ለመጀመሪያ ሙከራ እሰየው ነው። ከዚያ መብራቱ ስር አስጠግቼ ጀርባዋን አየሁ። የግራና የቀኙ ግማሽ በተገናኙበት ቦታ፣ ከኮክፒቱ ኋላ እስከ ጭራው ድረስ፣ ጥፍር የሚይዝ ክፍተት አለ። ጣቴን ሳስኬድበት አየኝና ሳልጠይቀው መለሰልኝ፦ «ጋሼ፣ እሱ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል እኮ።»

ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት ቤት ይቁጠረው። ከሌላ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከራሴም አፍ ወጥቷል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

«ቀለም ይሸፍነዋል»

አይሸፍንም። እንዲያውም ያጋልጣል። ያልተቀባ ፕላስቲክ ብርሃን በመጠኑ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ጭረቱም ጎድጓዳውም ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው። ቀለም ሲያርፍበት ግን ብርሃኑ ላይ ላዩን ይቀራል። ያኔ እያንዳንዷ ስንጥቅ ጥላዋን ይዛ ብቅ ትላለች። ትናንት «ምንም የለውም» ያላችሁት ቦታ ዛሬ ጠባሳ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ቀለሙን ደጋግሜ ባወፍረውስ የሚል አለ። ሞክሬዋለሁ። ክፍተቱ ከመሙላቱ በፊት የፓነሉ መስመርና ጥቃቅኑ ሪቬት (የብረት ልባሱ መጋጠሚያና ምስማሩ) ሁሉ ይደፈናል። ስንጥቋ ግን እዚያው ናት።

«ግማሽ ሚሊሜትር እኮ ናት» ትሉኝ ይሆናል። በ72 አባዟት። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 3.6 ሳንቲሜትር ትሆናለች። ሁለት ጣት ይገባባታል። ጀርባው እንዲህ የተከፈተ ተዋጊ አውሮፕላን ላይ የትኛው አብራሪ ይወጣል?

መፍትሔው ከማጣበቁ ይጀምራል። የሞዴል ሙጫ እንደ ወረቀት ሙጫ መሃል ገብቶ የሚይዝ ነገር አይደለም። ፖሊስታይሪኑን አቅልጦ ሁለቱን ወገን አንድ ያደርጋቸዋል። ግማሾቹን ገጥማችሁ፣ ፈሳሹን ሙጫ በቀጭን ብሩሽ መገጣጠሚያው ላይ አስነኩት። ራሱ ስቦ ይገባል። ጥቂት ቆይታችሁ በቀስታ ጨመቅ ስታደርጉት ክር የመሰለ የቀለጠ ፕላስቲክ ብቅ ይላል። ደስ ይበላችሁ፣ አትጥረጉት። አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ከዚያ በሞረድ፣ ቀጥሎ ውኃ በነካው ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት፤ መጀመሪያ 400 ቁጥር፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 1000። የቀረ ጎድጓዳ ካለ ስቱኮ። ሲደርቅ መፈግፈግ። ከዚያ ስስ ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው) እና እንደገና መብራት ስር። ሁልጊዜም የሆነ ነገር ይገኛል። እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ወረቀት። እኔ ከሦስት ዙር በታች ጨርሼ አላውቅም።

አሁን ነገሩን ላወሳስበው። መስመር ሁሉ ስህተት አይደለም። የሜሰርሽሚት 109 የኋላ አካል በፋብሪካ ሲሠራም ግራና ቀኝ ግማሽ ሆኖ ነው የተገጣጠመው። ስለዚህ ጀርባው ላይ ቀጭን መስመር ቢታይ ልክ ነው። ቀጭን ነው ያልኩት ግን፤ ቦይ አላልኩም።

ፒ-51 ሙስታንግ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሞዴሉ አምራች ክንፉ ላይ መስመሩንና ሪቬቱን አሳምሮ ቀርጾ ይሰጣችኋል። ጀማሪውም ደስ ብሎት አንድ በአንድ ያጠቁረዋል። እውነተኛው ክንፍ ግን አየሩ ሳይረበሽ እንዲያልፍበት፣ ከፊት ጠርዙ ጀምሮ እስከ 40 በመቶ ገደማ ወርዱ ድረስ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ተፈግፍጎ፣ ከዚያ ነው ብርማ ቀለም የተቀባው። መስመሩ አይታይም። ልብ በሉ፤ በጦርነት መሃል በጥድፊያ አውሮፕላን የሚያወጣ ፋብሪካ እንኳ «ቀለም ይሸፍነዋል» አላለም።

ጠምዝዞ መንቀል

ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፍሬም በጣት አትንቀሉ። ግማሹ ፍሬሙ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ተስፈንጥሮ አልጋ ስር ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኛ ነው። በመቁረጫ ፒንሳ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የቀረውን ጉጥ በካተር ላጩት።

በደረቁ ሳይሞክሩ ማጣበቅ

ሙጫው ከመከፈቱ በፊት ክፍሎቹን ግጠሟቸው፣ በፕላስተር ያዟቸው፣ ከዚያ ከፊት ለፊት ዝቅ ብላችሁ እዩ። የስፒትፋየር ክንፎች ከሥራቸው ወደ ጫፋቸው 6 ዲግሪ ያህል ቀና ይላሉ። አንዱ ሰባት፣ ሌላው አራት ከሆነ ያ አውሮፕላን ዕድሜውን ሙሉ እንዳነከሰ ይኖራል። ሌላውን ስህተት ሰው ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ይህን ግን ከበሩ ላይ ሆኖ ያየዋል።

አፍንጫው ውስጥ ክብደት አለማድረግ

ይህ የራሴ ነው። ፒ-38 ላይትኒንግ የፊት ጎማ አላት። እንደ ስፒትፋየር ወይም እንደ ጃፓኑ ዜሮ ጭራዋን መሬት ላይ ጥላ አትቆምም። የመመሪያው ወረቀት ላይ አንዲት ትንሽ ሥዕል ክብደት ጨምሩ ትላለች። እኔ ደግሞ መመሪያ የማነበው ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ሁለት ወር ለፋሁባት። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጭራ፣ ሁሉንም አስተካክዬ ቀባሁ። በመጨረሻ ሁሉም ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ በጎማዋ አቆምኳት። ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደደከመው ሰው፣ ወደ ኋላዋ ቁጭ አለች። አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያያል። ባለቤቴ በዚያ ስታልፍ «ልትነሳ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ድረስ መደርደሪያዬ ላይ የቆመችው ከጭራዋ ስር ባደረግኩላት ግልጽ የፕላስቲክ ዘንግ ተደግፋ ነው። እናንተ አካሉ ሳይዘጋ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ክተቱ፤ መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን። በቂ ነው ባላችሁት ላይ ትንሽ ጨምሩበት። ከዚያ ሁሉንም በፕላስተር አያይዛችሁ፣ ዋናዎቹ ጎማዎች በሚገቡበት ቦታ በሁለት ጣት ደግፋችሁ አንሷት። ወደ ፊት ከደፋች አበቃ። ፒ-39 እና ሜሰርሽሚት 262 ላይም ያው ነው።

ሱፐር ግሉ እና የኮክፒቱ መስታወት

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነት ይወጣዋል። ትነቱ ግልጹ ፕላስቲክ ላይ ያርፍና ነጭ ጉም ይሆናል። ጉሙ ደግሞ በውስጥ በኩል ነው። መስታወቱ ከተጣበቀ በኋላ መጥረግ የለም። አብራሪው በጭጋግ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል። ፕላስቲኩን የሚያቀልጠው የሞዴል ሙጫም መስታወት ላይ አደገኛ ነው፤ አንዲት ጠብታ ካመለጠች አለቀ። ነጩን የእንጨት ሙጫ በስቴኪኒ ጫፍ ዙሪያውን አስነኩት። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል። የተረፈውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ታነሱታላችሁ። «ይይዛል ወይ?» ይሉኛል። መስታወቱ ምን ሊሸከም ነው?

ወፍራም ቀለም

ከጠርሙሱ በቀጥታ አትቀቡ። ወተት እስኪመስል አቅጥኑት። የመጀመሪያው ዙር ያስጠላል። መስመር መስመር ይሠራል፣ ፕላስቲኩ በስሩ ይታያል። እዚህ ጋ የደነገጠ ሰው ብሩሹን መልሶ ያሻሽበታል፣ ግማሽ የደረቀውንም ይልጠዋል። ተዉት፣ ይድረቅ። ሁለተኛው ዙር ያስተካክለዋል፣ ሦስተኛው ይጨርሰዋል። ቀለም የሚሸፍነው ነገር ካለ ቀለምን ነው።

ቲነር ሁሉ አንድ አይደለም። በውኃ ከሚቀጥነው አክሪሊክ አንዳንዱ አልኮል ሲነካው እንደ እርጎ ይቋጠራል። በኢናሜል ላይ ላከር ከረጫችሁበት ደግሞ የታችኛው ይሸበሸባል። የማታውቁትን ድብልቅ መጀመሪያ በባዶው ፍሬም ላይ ሞክሩ፤ ለዚህ ነው የማይጣለው። በኤርብራሽ የምትረጩ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ለቀለም ትነት የተሠራ ፊልተር ያለው ማስክ አድርጉ። ተራው የአቧራ ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አያስቆምም።

ዓመቱን አለማየት

እ.ኤ.አ. በ1940 ብሪታንያን የተከላከለችው ስፒትፋየር ላይዋ ቡናማና አረንጓዴ ነው። ከኦገስት 1941 ጀምሮ ነው ቡናማው ወጥቶ ግራጫ የገባው። ሰው ግን የ1940 ዲካል (በውኃ ተነክሮ የሚለጠፍ ምልክት) ለጥፎ አካሏን በግራጫ ይቀባታል። ለመሳሳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለማረም ግን ሞዴሉን እንደ አዲስ መቀባት ነው።

የተባበሩት ኃይሎች ጦር ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ ሲያርፍ አውሮፕላኖቻቸው ላይ የተቀቡት ጥቁርና ነጭ ሰንበሮችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የተቀቡ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለ አውሮፕላን ላይ አይገቡም። በየክንፉና በአካሉ ላይ አምስት አምስት ናቸው፤ ሦስት ነጭ፣ ሁለት ጥቁር። ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ላይ የአንዱ ወርድ 18 ኢንች ነበር፤ በ1/72 ሲሆን 6.35 ሚሊሜትር ይመጣል። ነጩን አስቀድሙ፣ ከዚያ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍናችሁ ጥቁሩን ቀቡ። በጥቁር ላይ ነጭ ለመቀባት የሞከረ ያውቀዋል። ትንሽ ቢወላገድ ደግሞ አትጨነቁ። ዋናዎቹንም ብዙ ቦታ በብሩሽ፣ በጥድፊያ ነው የቀቧቸው።

ዲካል በማት ቀለም ላይ

ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ቀለም፣ በዓይን የማይታይ ሸካራነት አለው። ዲካሉ ሲያርፍበት በስሩ አየር ይቀራል። ሲደርቅ ዙሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። መጀመሪያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ በመጨረሻ ማት ቫርኒሽ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ያደረገ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ዲካሉ ትንሽ ቆይቶ እንደ አሮጊት ጉንጭ ይጨማደዳል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ በጣቴ ላስተካክለው ሞከርኩ። የክንፉ ክብ ምልክት ለሁለት ተቀደደ። ተለዋጭ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ሻይ ብጠጣ ኖሮ ራሱ ተዘርግቶ መስመሩ ውስጥ ይገባ ነበር።

ብርማ ቀለምን እንደ ጨው መነስነስ

ያረጀ እንዲመስል ተብሎ የተላጠ ቀለም ይሠራል። ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን አውሮፕላኑ የእከክ በሽታ የያዘው ይመስላል። ከብዛቱ የባሰው ደግሞ ቦታው ነው። ሃሪኬንን ውሰዱ። ከኮክፒቱ ኋላ ያለው አካሏ የተሸፈነው በጨርቅ ነው። ጨርቅ ቢላጥ ከስሩ ብር አይወጣም። ሞስኪቶ ጭራሽ የእንጨት አውሮፕላን ናት። ስፒትፋየርም ብትሆን የጭራዋ መሪ ጨርቅ ነው። ይህን ባለፈው የነገርኩት አንድ ወዳጄ «ታዲያ ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔ አውቃለሁ፣ አሁን አንተም አወቅህ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሃሪኬኑን አላሳየኝም።

መላጡ የሚያምረው እግር በሚረግጥበት የክንፍ ሥርና በሞተሩ ክዳን ጠርዝ ላይ ነው። የጭሱ ጥቀርሻ ደግሞ አየሩን ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ታች የሚንጠባጠብ አታድርጉት።

«ደርቆ ይሆን?»

ሽታው ካለ አልደረቀም። በተለይ ኢናሜል ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ለማጣራት ደግሞ ጣት የሚልክ ሰው አለ። ያ ሰው ለረጅም ጊዜ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ሃሪኬኔ ግራ ክንፍ ላይ አውራ ጣቴ ከነመስመሩ ታትሟል። ማት ቫርኒሹም አልደበቀውም።

ለወንድሜ ልጅ ስቱኮውንና ብርጭቆ ወረቀቱን ስሰጠው ያቺን ሃሪኬን ከመደርደሪያው አውርጄ አሳየሁት። አውራ ጣቴን አሻራው ላይ አሳረፍኩት። እዚያ ሞዴል ላይ ያለ ምንም ክፍተት የገጠመው እሱ ብቻ ነው።