ፍሳሽ ወደ ቤት ሲመለስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሽንት ቤት በጎማ መግፋትና ሳይፎን ፈትቶ ማጠብ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሆነ እሱን አልደግምም። ይህ ጽሑፍ ያ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል፣ ቆሻሻው ራሱ ተመልሶ ቤት ሲገባ ምን እንደሚደረግ ነው።

ፍሳሽ ሲመለስ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ነው። ይነቅለዋል፣ አሲድ ይደፋበታል፣ ሽቦ ይከትበታል። መጀመሪያ መሄድ ያለባችሁ ግን ወደ ውጭ፣ ወደ ማንሆሉ ነው። ከቤታችሁ የሚወጣው ቱቦ የሚደርስበትን የመጀመሪያውን ማንሆል ክፈቱ። ሞልቶ ከቆመ፣ የተዘጋው ከማንሆሉ ወዲያ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነቀል ነገር የለም። ባዶ ከሆነ፣ የተዘጋው በቤቱና በማንሆሉ መካከል ነው። ይህን ሳያዩ ሴራሚክ የሚያስፈርሱ ሰዎች ያናድዱኛል። እንዲያፈርሱ የሚመክሯቸው ባለሙያ ተብዬዎች ደግሞ የባሰ ያናድዱኛል።

የሚሸት ነገር አለ፣ የሞላ ነገር ግን የለም

ብዙ የማትጠቀሙበት ፍሎር ድሬን (ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ) ወይም የእንግዳ መታጠቢያ ካለ ሳይፎኑ፣ ማለትም የታጠፈው ቱቦ፣ ውስጥ ያለው ሽታ የሚያግድ ውሃ ደርቋል። አንድ ጆግ ውሃ አፍሱበት። ካልጠፋ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ስር ያለውን ማሸጊያ እዩ።

አንድ ቦታ ሲለቀቅ ሌላ ቦታ ያንቋርራል

ሽንት ቤት ስትለቁ የመታጠቢያው ቀዳዳ ቡልቅ ቡልቅ ካለ አየር መተላለፊያ አጥቷል። ወይ ጣሪያ ላይ ያለው የአየር ቱቦ ተደፍኗል (ወፍ ጎጆ ሠርታበት ይሆናል)፣ ወይ ዋናው መስመር በግማሽ ተዘግቷል። ሁለተኛው ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍል ሳትዘገዩ አንብቡ፤ ወደዚያው እየሄዳችሁ ነው።

ምድር ቤት ነው የምንኖረው፤ እኛ ውሃ ሳንነካ በፍሎር ድሬኑ ቆሻሻ ይወጣል

ደጋግሞ የሚያስጠራኝ ይሄኛው ነው። ቦታው ኮንዶሚኒየም ነው። ሰሚት ይሁን ጀሞ፣ ታሪኩ አንድ ነው። ጊዜውም የታወቀ ነው፦ ውሃ የመጣ ዕለት።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሌለበት ቀን ሰው ሽንት ቤቱን የሚገፋው በአንድ ጣሳ ውሃ ነው። ያቺ ጣሳ ቆሻሻውን ከመቀመጫው ታሻግረዋለች እንጂ እስከ ማንሆል አታደርሰውም። ስለዚህ አግዳሚው ቱቦ ላይ ይቀመጥና ይደርቃል። ከላይ ደግሞ ከየወጥ ቤቱ ዘይት ይደረብበታል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ ቱቦ ውስጥ እንደ ሻማ ይጠነክራል። የቡና አተላው እዚያ ላይ ይጣበቃል። ዋይፕሱና ሞዴሱ ደግሞ በየመንገዱ ይያያዛል።

ከዚያ ውሃ ይመጣል። እስከ አራተኛ ፎቅ ያለው ሁሉ ባንዴ ልብስ ያጥባል፣ ቤት ይወለውላል፣ ገላውን ይታጠባል። ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ቋሚ ቱቦ ይወርድና ታች ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ውሃ መሄጃ ሲያጣ ዝቅተኛውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ዝቅተኛው ቀዳዳ የምድር ቤቱ ፍሎር ድሬን ነው።

ስለዚህ ጥፋተኛው ምድር ቤት ያለው ሰው አይደለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው የብሎክ ኮሚቴዎች ወጪውን ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ስለሚጭኑ ነው። መስመሩ የጋራ ነው፣ የዘጋውም ቆሻሻ የጋራ ነው፣ ሂሳቡም የጋራ መሆን አለበት።

አንድ ብሎክ ላይ የምድር ቤት ተከራይ የሆነች እናት ቢመራት ፍሎር ድሬኑን በሲሚንቶ አስደፈነችው። ለጥቂት ጊዜ ጋብ አለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ሞልቶ እስከ ሳሎን ወረደ። ሲሚንቶ ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ ከላይ የሚወርደውን ውሃ አያቆመውም። ደርሰን ማንሆሉን ስንከፍት ባዶ ነው፤ ደረቅ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተዘጋው ከቋሚው ቱቦ ግርጌ እስከ ማንሆሉ ባለው ላይ ነው። ግርጌው ላይ ያለውን ክርን (ቱቦው የሚታጠፍበትን መጋጠሚያ) ቆርጠን አወጣነው። ውስጡ የጠነከረ ሲሚንቶ አለ። ለካ ከላይ አንዱ ቤት ሴራሚክ ሲያስቀይር ሠራተኞቹ የቦያካ (የሴራሚክ ክፍተት መሙያ ሲሚንቶ) ባልዲያቸውን ሽንት ቤት ውስጥ እየደፉ ነበር። ሲሚንቶው ላይ የመወልወያ ክር ተጠምጥሟል። ክሩ ላይ ዋይፕስ፣ ዋይፕሱ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ዳይፐር። ከ110 ሚሊሜትሩ ቱቦ የቀረው ክፍት ቦታ አውራ ጣት አያስገባም ነበር። ያቺ እናት ግን ወራት ሙሉ "ምን ብትጥይ ነው?" እየተባለች ኖራለች።

እናንተ ቤት ማሸጊያው ላይ "በሽንት ቤት ይለቀቃል" የሚል ዋይፕስ ካለ አትመኑት። እንደ ሶፍት አይበታተንም። ከማንሆል ውስጥ ሳወጣው ገመድ ሆኖ ነው የማገኘው።

አሁን ወደ መፍትሄው።

መጀመሪያ ሰው ወደ ላይ ይውጣና በር እያንኳኳ ውሃ ያስቁም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍ አይበቃም፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያስነሳ ሰው ስልኩን አያይም።

ቀጥሎ ማንሆሎቹን ተከታትላችሁ ክፈቱ። የሞላውንና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ስታገኙ፣ መዝጊያው በሁለቱ መካከል ነው። ተጣጣፊውን የመጥረጊያ ሽቦ ከባዶው በኩል ወደ ሞላው አስገቡ። ሲለቀቅ ባንዴ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ፊታችሁን ከቱቦው አፍ ትይዩ አታድርጉ። ጉድጓዱ ውስጥም አትግቡ፤ ከላይ ሆናችሁ ሥሩ። የወጣውን ጨርቅና ፕላስቲክ በሬክ ጎትታችሁ አውጡት። "ሄደ፣ ተገላገልን" ብላችሁ ከለቀቃችሁት የሚቀጥለው ማንሆል ላይ ይጠብቃችኋል። መጨረሻ ላይ በርከት ያለ ውሃ ባንዴ ልቀቁበትና ሳይንገራገጭ መሄዱን እዩ።

በፌሮ አትውጉ። በፌሮ አትውጉ። ፌሮ ጨርቁን ይበሳዋል እንጂ አያወጣውም። ክርኑ ላይ ሲደርስ ደግሞ ፒቪሲውን ይሰብረዋል። ከዚያ ፍሳሹ ወለሉ ስር ይሰርግና ችግሩን የምታውቁት ግድግዳው ሲረጥብ ነው።

አሲድም አትድፉ። አሲድ ዳይፐርና ሲሚንቶ የተቆላለፈበትን ቱቦ አይከፍትም። ኮስቲክ ሶዳ ወጥ ቤት ላይ ያለ ቀላል ቅባት ሊፈታ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ መስመር ላይ ግን የቆመው ውሃ መርዝ ሆኖ ይጠብቀናል። አሲድ እንደደፋችሁ ሳትነግሩኝ እጄን እንዳስገባ አታድርጉ።

ዘላቂው መፍትሄ የምድር ቤቱን መስመር ከፎቁ ቋሚ ቱቦ ለይቶ በራሱ ቱቦ በቀጥታ ማንሆል ማስገባት ነው። ወጪ አለው፤ ወለል ይቆረጣል። ግን ከላይ የሚወርደው ግርጌው ላይ ቢዘጋ እንኳ ወደ እናንተ የሚመጣበት መንገድ አይኖርም። እሱ ካልተቻለ ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ ማስገባት ይቻላል። ሁለት ነገር እወቁ፦ ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት የእናንተም ውሃ አይወጣም፣ ካልተጸዳ ደግሞ ጨርቅ ይይዘውና ክፍት ሆኖ ይቀራል። የሚከፈትበት ክዳን ሳይተው ወለል ውስጥ የሚቀብር ባለሙያ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ክርን ሲቀየርም ግርጌው ላይ ባለ 90 ዲግሪ አንድ ክርን አይሁን። ሁለት ባለ 45 አድርጉና አጠገቡ የማጽጃ ክዳን ይኑር። መስመር ሲጋጠም ቀጥ ብሎ በሚገባው በቲ (T) መጋጠሚያ ሳይሆን አግድም ተዘንብሎ በሚገባው በዋይ (Y) ይሁን። ቁልቁለቱ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ይሁን። ቱቦውን ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ጨምቁት። ከተጣመመላችሁ አትግዙት። ያ ስስ ፒቪሲ አፈር ሲጫነው ሞላላ ይሆናል፤ ሞላላ ቱቦ ደግሞ መዘጋቱ አይቀርም። በጥቂት መቶ ብር ልዩነት ብላችሁ ሴራሚክ ስር የምትቀብሩት ነገር ነው!

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ይመለሳል

አንድ ሰው የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሽ ማንሆል ጋር አገናኝቶታል። የሐምሌ ዝናብ ለቆሻሻ ታስቦ የተዘረጋ ቱቦ አይችለውም። አሸንዳዎቹን ተከተሉና የት እንደሚገቡ እዩ፤ ከፍሳሹ አውጥታችሁ ወደ ጎርፍ መውረጃው መልሱ። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆልም ያው ነው፤ ጎርፉ ድንጋይና ሃይላንድ ይዞ ይገባል። ብረቱ ተመልሶ ስለሚሰረቅ በኮንክሪት ክዳን ተኩት።

ከግቢያችሁ ውጭ ያለው የከተማው መስመር ከሞላ ራሳችሁ አትነካኩት፤ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ አመልክቱ።

ሴፕቲክ ታንኩን አስመጠጥን፤ ወዲያው ሞላ

መኪናው አታሏችሁ ላይሆን ይችላል። ታንኩ የሞላው በዝቃጭ ሳይሆን በውሃ ነው፤ ውሃው መስረጊያ አጥቷል። አካባቢው ዋልካ አፈር ከሆነ በክረምት መሬቱ ራሱ ጠጥቶ ስለሚጠግብ የማስረጊያው ጉድጓድ አይቀበልም። ደጋግሞ ማስመጠጥ ገንዘብ መጣል ነው። ማስረጊያውን ማስፋት ወይም የከተማው መስመር በአቅራቢያ ካለ እሱ ላይ መቀጠል ነው የሚሻለው።

ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ማንም እንዳይወርድ። የወደቀ ስልክ ለማውጣትም፣ "አንዴ ብቻ ልየው" ብሎም አይሆንም። ውስጡ ያለው ጋዝ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ስትሉ ነው የሚገድለው። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛም እዚያው ይቀራል። ክብሪትና ሲጋራም አፉ ላይ አይጫር።

ቆሻሻው ቤት ከገባ በኋላ

ውሃው ሶኬት ወይም መሬት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነክቶ ከሆነ፣ ሳትረግጡት በፊት ከቆጣሪው በኩል መብራቱን አጥፉ። ማጥፊያው ጋ ለመድረስ እርጥቡን መርገጥ ካለባችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ልጆችን ጎረቤት ላኩ። ቦቲና የላስቲክ ጓንት ልበሱ፤ በነጠላ ጫማ አይገባም።

በመጀመሪያ ደረቁን ሰብስቡ፣ ቀጥሎ በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በረኪና የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ቆሻሻው ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ወለሉን አርጥቡና ቢያንስ 10 ደቂቃ ተዉት። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም።

በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ትናንት አሲድ የተደፋበት ፍሎር ድሬን ላይ ዛሬ በረኪና መጨመርም መቀላቀል ነው። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በር የተዘጋ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሊገድል ይችላል።

ምን ይጣል? የስፖንጅ ፍራሽ ከነካው ይጣል። በፀሐይ ማድረቅ አያድነውም። የቺፕውድ ቁም ሳጥን እግሩ ካበጠ በኋላ አይመለስም። ወለል ላይ የተቀመጠ የጤፍ ጆንያ ከላይ ደረቅ ቢመስልም እጃችሁን እስከ ታች አስገቡ፤ እርጥበቱ ከስር ወደ ላይ ይሳባል። "የላይኛውን እንጠቀም" የሚል ሰው አይጠፋም። የጤፍን ዋጋ አውቃለሁ፤ ግን ይጣል። ፕላስቲክ ሳፋ፣ ብረት ድስትና ብርጭቆ ታጥቦ በበረኪና ይድናል። ልብስ ለብቻው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ስለሚጠጣው ውሃም አስቡ። የመሬት ውስጥ ታንከር ካላችሁና ፍሳሹ አጠገቡ ከፈሰሰ አፍስሱት፣ ታንከሩን እጠቡት። የቧንቧ ውሃም በጠፋበት ሰዓት የተሰነጠቀ ቱቦ ከውጭ ያለውን ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፉት፣ ለጥቂት ቀናት የሚጠጣውን አፍሉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤተሰቡ ውስጥ ውሃ መሰል ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፍሳሽ ቤት ገብቶ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩት።