አሸንዳን ከተራራ ወደ ግቢ ማምጣት፦ አተካከሉና አያያዙ

በወሎ ደጋ ከብት ሲያግድ ያደገ ሰው አሸንዳን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሣሩ ሁሉ ተግጦ ባለቀበት ተዳፋት ላይ፣ ጫፉ እንደተለኮሰ ችቦ የቀላ አበባ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የሚታየው እሱ ነው። ከብት አይደፍረውም። ደሴ ላይ መጀመሪያ ስተክለው ዙሪያውን ለማጠር እንጨት ስቸክል ያዩኝ አንዲት ጎረቤቴ፣ «አብሽር ልጄ፣ ከብት የናቀውን ማን ይሰርቅብሃል?» ብለው አለፉ። እውነታቸውን ነበር። ተክሌን የገደለው ሌባ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገርም ከዚያ ኪሳራ የተገኘ ነው።

መጀመሪያ ተክሉን በትክክል እንለይ። በላስታ ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ጀምሮ በአሸንድዬ በዓል ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ረጅም ቅጠልም አሸንዳ ይባላል፤ ደግሞ ይህንኑ ባለ ችቦ አበባ የዝንጀሮ አገዳ የሚሉት አሉ። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትቆፍሩ፣ አበባውን እዩ። ቅጠሉ እስከ አንድ ሜትር ይረዝማል፣ መሐሉ ታጥፎ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። ከቅጠሎቹ መካከል ቅጠል የሌለው አንድ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ቀጫጭን ቱቦ የሚመስሉ አበቦች ተጨናንቀው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። የሚፈነዱት ከሥር ወደ ላይ በተራ ነው። በብዙዎቹ ዝርያዎች ያልፈነዳው እንቡጥ ቀይ ስለሆነና የፈነዳው ወደ ቢጫ ስለሚያደላ፣ አንዱ ዘንግ ሁለት ቀለም ይይዛል።

የሳይንስ ስሙ ክኒፎፊያ ነው፤ ኤርፉርት ይኖር ለነበረው ጀርመናዊ ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ለዮሐን ሂሮኒሙስ ክኒፎፍ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ወገኑ ወደ 70 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩት ጥቂቶቹ ማዳጋስካርና የመን፣ ሌሎቹ በሙሉ አፍሪካ ውስጥ ይበቅላሉ። የእኛ ደጋ አሸንዳ፣ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በተፈጥሮው አይገኝም፤ ከ2,050 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖራል። ዘመዱ እሬት ነው። የዕፀዋትን ሳይንሳዊ አሰያየም ያስያዘው ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ እንኳ የደቡብ አፍሪካውን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1753 ሲመዘግብ ከእሬት ጋር ደምሮት ነበር። እኔም በዚህ ዝምድና ተታልዬ እንደ እሬት ደረቅ ቦታ ይበቃዋል ብዬ ነበር፤ አይበቃውም። በክረምት ውኃ ይወዳል፤ ውኃው ግን ማለፍ አለበት፣ መተኛት የለበትም።

ቦታ ስትመርጡ ይህን አስቡ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ በትንሹ ያዘነበለ መሬት ፈልጉ። እንደ ኮምቦልቻ ዝቅ ባለ ሞቃት አካባቢ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያገኝለት ይሻላል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ መሬቱን ቆፍሮ መትከል ማለት ጉድጓዱን የውኃ መያዣ ማድረግ ነው፤ እኔ የሠራሁትም ስሕተት ይኸው ነው። በዋልካ ላይ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩ፤ አንድ ክንድ ያህል ቁመት ይበቃል። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋና የበሰለ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር አድርጉ። ትኩስ ፍግ አይሆንም፣ ሥሩን ያቃጥላል።

ከዱር መንቀል አልመክርም፤ ደቡብ ወሎ ካለው፣ ደንቆሮ ከሚባለው ጥብቅ ደን ወይም ከሌላ ጥብቅ ቦታ ማምጣትማ ፈጽሞ አይገባም። በማሳው ዳር ያለው ገበሬ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ደስ ብሎት ይሰጣችኋል።

የተሻለው ጊዜ የክረምቱ ዝናብ አንድ ሁለት ጊዜ ከጣለ በኋላ ነው። በበልግ የተከለ ሰው በበልግና በክረምት መካከል የሚመጣውን ደረቅ ጊዜ ውኃ እያጠጣ ማሻገር ይኖርበታል። ሙሉውን ቁጥቋጦ ከዳር በዶማ ዙሪያውን ፈልቅቁት እንጂ ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱት። አውጥታችሁ አፈሩን ስታራግፉት ወፍራም የምድር ውስጥ ግንድና ከጎኑ የተጣበቁ ልጆች ይታያሉ። እያንዳንዱን ልጅ የራሱን ሥር አስይዛችሁ በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። ሥር የሌለውን አትድከሙበት። የተቆረጠው ገጽ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ሥር አቆዩት፤ ቅጠሉን ደግሞ ግማሽ ያህሉን በማጭድ አሳጥሩ፣ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ብዙ ውኃ እንዳይተንበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ አንገት እንበለው። አንገቱ ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል ይሁን ወይም እጅግ ጥቂት ከፍ ይበል። ጠለቅ ካለ የክረምቱ ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ይጠራቀምና ከውስጥ ያበሰብሰዋል። የእኔ ተክል ነሐሴ ላይ ከውጭ አረንጓዴ ነበር፤ መሐል ቅጠሉን በሁለት ጣት ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ተቃውሞ ተነቅሎ መጣ፤ ታቹ ቡናማ ሆኖ ላቁጦ ነበር፣ ሽታውም የከረመ ጎመን። እንዲህ ከሆነ በኋላ የሚድን ነገር የለም። ስለዚህ ተከላችሁ ስትጨርሱ አፈሩን በእጃችሁ ጠቅጥቃችሁ አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሱ። አፈሩ ሰጥሞ አንገቱ ከተቀበረ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። በተክሎቹ መካከል ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ተዉ፤ ሲጎለምሱ ይሞሉታል።

በዘር ማሳደግም ይቻላል፣ ትዕግሥት ላለው። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ከመሰንጠቁ በፊት ዘንጉን ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ትንንሽ ጥቋቁር ዘሮች ይረግፋሉ። በሳጥን አፈር ላይ በትናችሁ በስሱ ሸፍኑ፤ ሙቀት ካገኙ በጥቂት ሳምንታት ይበቅላሉ። አበባ ለማየት ግን ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃሉ።

እንክብካቤው ቀላል ነው። የጠወለገውን ዘንግ ከሥሩ ቁረጡ፣ ዘር ካላስፈለጋችሁ። የደረቀውን ቅጠል በበጋ አጽዱ፤ ውርጭ በሚጥልበት ከፍታ ያሉ ሰዎች ግን ብርዱ እስኪያልፍ ይተዉት፣ አንገቱን ይከልልለታል። የአካባቢው ሰው ሥሩን ለሆድ ቁርጠት ይጠቀምበታል፣ ኬሚስቶችም እ.ኤ.አ. በ1984 ከዚሁ ተክል ክኒፎሎን የተባለ ውህድ አግኝተዋል። ይህ ግን ቤት ውስጥ ቀቅሎ ለመጠጣት ፈቃድ አይደለም።

ሲያብብ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ተነሡ። ምንቃሯ የተቆለመመ፣ አበባ የምትቀስም ወፍ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥላ ጭንቅላቷን ወደ ቱቦው ትሰዳለች፤ አንደኛዋ ዝርያ በሳይንስ ስሟ ከላስታ አካባቢ የሚነሣውን ተከዜን ይዛለች። ስትወጣ ግንባሯ ላይ ቢጫ ዱቄት ይታያል።

ቁጥቋጦው በሦስት በአራት ዓመት ሲጨናነቅ እንደገና መከፋፈል ይፈልጋል። ባለፈው ክረምት ስከፋፍል ሦስት ልጆች ለእኒያ ጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ከአጥራቸው ውጭ፣ ከብት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተከሉት።