ከትልቅ ድርጅት ለመልቀቅ ሲያስቡ፦ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ሐዋሳ ላይ በባንክ፣ በቴሌኮም፣ በመጠጥ ፋብሪካ ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉ ኩባንያዎች በአንዱ የሚሠራ ሰው ለመልቀቅ ሲነሳ የሚያወዳድረው ብዙ ጊዜ ሁለት ደመወዝ ብቻ ነው፤ የአሁኑንና የሚመጣውን። ከለቀቁ በኋላ የሚያስቆጨው ግን በአብዛኛው ሳይነበብ የቀረ ወረቀትና ያለ ጊዜው የገባ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ከአለቃ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የቅጥር ውልዎን፣ የኅብረት ስምምነቱን፣ የብድር ውልዎን፣ ሥልጠና ወስደው ከሆነ የሥልጠናውን ግዴታ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት የደመወዝ መግለጫ አንድ ላይ ሰብስበው ቤትዎ ይቀመጡ።

መጀመሪያ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደሩ ይለዩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወይም የመምሪያ ኃላፊ ከሆኑ ከዚህ በታች ያለው የስንብት ክፍያና የማስታወቂያ ጊዜ ላይሠራልዎ ይችላል። የሚገዛዎ የራስዎ ውልና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። መጠሪያው ብቻውን አይወስንም፤ መቅጠር፣ ማሰናበት፣ ፖሊሲ ማውጣት የመሰለ ሥልጣን አለዎት ወይ የሚለው ነው የሚታየው።

ቀጥሎ ብድር። የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። የሠራተኛ የቤት ብድር ወለዱ ዝቅ ያለው ሠራተኛ ስለሆኑ ነው፤ ሲለቁ ወይ ቀሪውን በአንድ ጊዜ እንዲከፍሉ ይጠየቃሉ፣ ወይ ወለዱ ወደ ንግድ ብድር ይዞራል። በምሳሌ እንየው፦ 2,000,000 ብር በ15 ዓመት የሚከፈል ብድር በ7 በመቶ ወለድ የወር ክፍያው ወደ 18,000 ብር ነው። ያው ብድር በ16 በመቶ ሲታሰብ ወደ 29,400 ይወጣል። አዲሱ መሥሪያ ቤት የተጣራ 11,400 ብር ካልጨመረልዎ፣ ጭማሪ አገኘሁ ብለው የወጡት ከነበሩበት ዝቅ ብለው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው። የራስዎን ቁጥር ለማወቅ የብድር ውሉ ውስጥ ስለ ሥራ መልቀቅ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ፤ የብድር ክፍሉን በቃል ከጠየቁ ግን ወሬው ከእርስዎ በፊት አለቃዎ ጋ ይደርሳል። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት።

የስንብት ክፍያ በገዛ ፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የሚገባው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ እየተጨመረ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። 24,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በ5 ዓመቱ ቢለቅ 24,000 ሲደመር 4 ጊዜ 8,000፣ ማለትም 56,000 ብር ያገኛል፤ ግብር ይቆረጥበታል። በ4 ዓመት ከ10 ወሩ ቢለቅ ምንም የለውም። የሁለት ወር ትዕግሥት ዋጋው ይህን ያህል ነው። የሚታሰበው በደመወዙ ስለሆነ የትራንስፖርት አበል አይገባበትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቦነስም እንደዚሁ በቀን ይወሰናል። የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቦነሱና የደመወዝ እርከኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት ላይ የለቀቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛም በሕጉ ያላትን 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ትታ እንዳትወጣ ቀኑን ትቁጠር።

ለፓርኩ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2014 የአጎዋ ዕድል (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) ሲቋረጥ እንደታየው ኩባንያ ሊዘጋ ወይም ሰው ሊቀንስ ይችላል። ድርጅት በቅነሳ ሲያሰናብት ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይከፍላል፤ 5 ዓመትም አይጠበቅም። ወሬ ሰምተው በድንጋጤ ቀድመው ደብዳቤ ካስገቡ ይህ ሁሉ ይቀርብዎታል። የተሻለ ሥራ በእጅዎ ከሌለ መቆየቱ ያዋጣል።

አሁን አዲሱን ቦታ እንመርምር። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስታወቂያ ሊያሰናብቱዎ ይችላሉ። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ሳይቋጥሩ አይውጡ። መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ከሆነ የደመወዙን ትልቅነት ትተው ፕሮጀክቱ መቼ ያበቃል ብለው ይጠይቁ። ሥራው አዲስ አበባ ከሆነ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ሁለት ቤት ማስተዳደር ነው፤ ቤተሰብ ሐዋሳ ከቀረ ኪራዩንና ምልልሱን ከጭማሪው ላይ ይቀንሱ። የራስዎን ንግድ ለመክፈት ከሆነ በዓመት ፈቃድዎ ይሞክሩት፤ 7 ዓመት ያገለገለ ሰው 19 የሥራ ቀን አለው፣ የገበያውን ጠባይ ለማየት መጥፎ አይደለም። የጥቅም ግጭት ደንቡን ግን አስቀድመው ይዩ።

ዕቁብም አይረሳ። የመሥሪያ ቤቱ ዕቁብ ደርሶዎት ከሆነ ቀሪው ዙር ዕዳ ነው። ለባልደረባ ዋስ ሆነው ከፈረሙ ደግሞ ምትክ ዋስ ሳይቀርብ ክሊራንስ አያልቅም፤ ይህን ከደብዳቤው ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ይጨርሱት።

የሚለቁት ጾታዊ ትንኮሳ፣ ክብር የሚነካ ድርጊት ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ስላለ ከሆነ «በግል ጉዳይ» ብለው አይጻፉ። ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ያለ ማስታወቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ከስንብት ክፍያ ሌላ ካሳም ያስገኛል። መብቱ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ይቀራል።

ወስነው ከሆነ ማስታወቂያው 30 ቀን ነው። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ። በኢሜይል ብቻ መላክ በኋላ «አልደረሰንም» ያስብላል። ሳያሳውቁ የቀሩ እንደሆነ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ከቀሪ ክፍያዎ ላይ ሊያዝብዎ ይችላል። የመጨረሻው ቀን ካለፈ በኋላ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን መያዙን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይውጡ፤ ከእርስዎ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ የቆየው አገልግሎት በአዲሱ መሥሪያ ቤት የሚቀጥለው በእሱ ነው። ክፍያ ከጎደለ ክሱ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ እንከፍላለን» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ።

በ30 ቀኑ ውስጥ ሐሳብዎ ቢቀየር መልቀቂያውን ማንሳትዎን ወዲያው በጽሑፍ ያስገቡ፤ መቀበል አለመቀበሉ ግን በአሠሪው ፈቃድ ነው፣ በተለይ ቦታው በማስታወቂያ ከወጣ። ከወራት በኋላ ተመልሰው ቢቀጠሩ ደግሞ እንደ አዲስ ገቢ ነው የሚቆጠሩት፦ የዓመት ፈቃድ ከ16 ቀን፣ የስንብት ክፍያው 5 ዓመትም ከዜሮ። የሙከራ ጊዜ ግን ለዚያው ሥራ ከተቀጠሩ አይደገምም።