ፕሮግራማችሁ ውስጥ የጂፒኤል ኮድ ካለ ከመሸጣችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የህንፃ መሳሪያ ለሚሸጡ አንድ ጋሼ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሰርቼላቸው ነበር። ሚስማሩ ስንት ገባ፣ ቆርቆሮው ስንት ወጣ፣ ማን በዱቤ ወሰደ፣ በቃ ይኼው ነው። በፍላሽ ወስጄ ጫንኩላቸው፣ ብሬን ተቀበልኩ፣ ወጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሶፍትዌር የሚማረው ልጃቸው ደወለ። “ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በፓይኪውት ነው አይደል የተሰራው? ሶርስ ኮዱ ታዲያ የታለ?” አለኝ። ሳቅኩበት። ማታ ቤት ገብቼ ላይሰንሱን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) ሳነበው ግን ላብ ላብ አለኝ። ልጁ ልክ ነበር።

ፓይኪውት በፓይተን ቋንቋ ለሚጻፍ ፕሮግራም መስኮትና ቁልፍ የሚሰራ ዝግጁ ኮድ ነው፤ የሚገኘውም በሁለት መንገድ ነው። ወይ በጂፒኤል ቨርዥን 3፣ ወይ በገንዘብ በሚገዛ የንግድ ላይሰንስ። እኔ ምንም አልገዛሁም። ስለዚህ ሳላውቀው ጂፒኤል ውስጥ ገብቼ ነበር። ጂፒኤል ደግሞ በነጻ ውሰድ የሚል ላይሰንስ ቢሆንም፣ ፕሮግራሙን ለሰው ስትሰጥ ሶርስ ኮዱንም፣ ማለትም ሰው ሊያነበውና ሊቀይረው የሚችለውን ኮድ፣ አብረህ ስጥ ይላል። እናንተም እንደኔ በሰው ላይብረሪ (ሌላ ሰው በጻፈው ዝግጁ ኮድ) ላይ ቆማችሁ ፕሮግራም የምትሸጡ ከሆነ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የሚሰራው ሥራ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ግን ኮፒሌፍት ምን እንደሆነ ይግባን። ኮፒራይት “ያለ ፈቃዴ አትንካ” ይላል። ኮፒሌፍት ያንኑ ሕግ ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ ውሰድ፣ ቀይር፣ ከፈለግህም ሽጥ፣ ለሌላ ሰው ስትሰጥ ግን እኔ የሰጠሁህን መብት ሳትቀንስ አብረህ ስጥ። ሀሳቡን የጀመረው አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ጂፒኤል በ1989 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ቨርዥን 2 በ1991፣ ቨርዥን 3 በ2007። ለኔ የገባኝ በእርሾ ነው። ከጎረቤት እርሾ ታመጣላችሁ፣ ሊጡ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ “እርሾው የሷ፣ ዱቄቱ የኔ” ብሎ መለየት የለም። ሊጡ በሙሉ ቦክቷል።

“የፈረንጅ ወረቀት እኛን ምን አገባን” የሚል አይጠፋም። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም በኮፒራይት የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ እናንተ የጻፋችሁት ኮድ የሚጠበቀውም በዚሁ ነው። የራሳችሁ ኮድ ሲገለበጥ የምትናደዱ ከሆነ የሰውንም አክብሩ። ነገ ደግሞ ደንበኛችሁ ናይሮቢ ወይ ዱባይ ቢሆን የዚያ አገር ሕግ አብሮ ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ቁጭ ብላችሁ ፕሮግራማችሁ የተደገፈባቸውን ነገሮች ሁሉ ዘርዝሩ። በራሳችሁ የጫናችኋቸውን ብቻ ሳይሆን እነሱ ጎትተው ያመጧቸውንም። በፓይተን ለምትሰሩ ፒፕ-ላይሰንስስ የምትባል ትንሽ መሳሪያ አለች፤ ስታስኬዷት የእያንዳንዱን ላይብረሪ ስምና ላይሰንስ ጎን ለጎን ታወጣለች። በጃቫስክሪፕት ላይሰንስ-ቼከር አለላችሁ። እኔ አምስት ላይብረሪ ነው የተጠቀምኩት ብዬ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሰላሳ ምናምን መስመር ወረደ። መሳሪያዋን ብቻ ግን አትመኑ። አንዳንዱ ላይ “አይታወቅም” ትላለች፣ ያኔ የላይብረሪው ፎልደር ውስጥ ላይሰንስ ወይም ኮፒይንግ የሚል ፋይል ፈልጋችሁ ክፈቱ።

ከዚያ በላይሰንሳቸው ለዩአቸው። ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቼ የሚባሉት ላይሰንሶች ቀላል ናቸው፤ የባለቤቶቹን ስምና የላይሰንሱን ጽሑፍ አብራችሁ ካስቀመጣችሁ እለፏቸው። ሞዚላ 2.0 የሚጠይቀው ፋይል በፋይል ነው። ከራሱ ፋይሎች የቀየራችሁትን ሶርሱን ትሰጣላችሁ፣ በሌላ ፋይል የጻፋችሁት የእናንተ ይሆናል። ትኩረት የሚፈልጉት ሦስቱ ናቸው፤ ኤልጂፒኤል፣ ጂፒኤልና ኤጂፒኤል (ልዩነታቸው ወደታች ይመጣል)። ቨርዥኑንም ጻፉ፣ ምክንያቱም “ቨርዥን 2 ብቻ” የሚል ኮድ ከቨርዥን 3 ጋር አይቀላቀልም፣ አፓቼ 2.0 ደግሞ ከጂፒኤል 3 ጋር ሲስማማ ከ2 ጋር አይስማማም። ይሄ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በስሙ ብቻም አትፍረዱ። ቪዲዮና ድምፅ የሚቀይረውን ኤፍኤፍኤምፔግን ውሰዱ። በራሱ ኤልጂፒኤል ነው፤ ኤክስ264 የሚባለው የቪዲዮ ላይብረሪ ተጨምሮበት ከተገነባ ግን ያ የተገነባው ቅጂ በሙሉ ጂፒኤል ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ያ ኮድ ከእናንተ ኮድ ጋር የተያያዘው እንዴት ነው?

መሳሪያ ብቻ ከሆነ አያሳስባችሁም። ጊምፕ በሚባለው የምስል ፕሮግራም ሎጎ ብትሰሩ ሎጎው የእናንተ ነው። ኮድን ወደሚሮጥ ፕሮግራም በሚቀይረው በጂሲሲ የተገነባ ፕሮግራምም በዚያ ምክንያት ጂፒኤል አይሆንም፣ ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ ልዩ ፈቃድ አለው። ሊኑክስ ላይ መሮጡም እንደዚያው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በጂፒኤል 2 ስር ቢሆንም ላዩ ላይ በተለመደው መንገድ የሚሮጥ ፕሮግራም እንደማይነካ ራሱ በጽሑፍ አስቀምጧል።

ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራምን ከጎን የምትጠሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤፍኤፍኤምፔግን በትዕዛዝ መስመር ጠርታችሁ ያወጣውን ፋይል የምታነቡ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ወጡ በሌላ ሳህን ቀረበ እንጂ ሊጡ ውስጥ አልገባም። የጂፒኤሉን ፕሮግራም አብራችሁ የምታድሉ ከሆነ የሱን ሶርስ ትሰጣላችሁ፣ የእናንተ ግን እንደተዘጋ መቆየት ይችላል።

ኮዱን ቀድታችሁ ካስገባችሁ ወይም ላይብረሪውን ኢምፖርት አድርጋችሁ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብሮ የሚሮጥ ከሆነ ግን ሊጡ ቦክቷል። ጂፒኤልን የጻፈው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚለው፣ ማያያዣው ስታቲክም (ላይብረሪው ፕሮግራሙ ውስጥ ተጠቅልሎ) ሆነ ዳይናሚክ (ለብቻው ተቀምጦ ሲሮጥ ብቻ የሚጠራ) ጠቅላላው አንድ ሥራ ነው። በዚህ የማይስማሙ ሕግ አዋቂዎች አሉ። እኔ ግን ለአንድ የሱቅ ፕሮግራም ብዬ የክርክሩ መሞከሪያ መሆን አልፈልግም። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ክሊስፕ የሚባለው የሊስፕ ቋንቋ ፕሮግራም ሪድላይን ከምትባል የጂፒኤል ላይብረሪ ጋር በመያያዙ ምክንያት በ1992 እ.ኤ.አ. ራሱ ጂፒኤል ሆኗል።

ኤልጂፒኤል እዚህ ላይ ይለሳለሳል። ላይብረሪው ነጻ እንደሆነ ይቆይ፣ የእናንተ ኮድ ግን መዘጋት ይችላል ይላችኋል፤ የሚጠይቀው ተጠቃሚው ላይብረሪውን አውጥቶ በሌላ ቅጂ መተካት እንዲችል ነው።

ከዚያ ጠይቁ፤ ፕሮግራሙን ለሰው ትሰጣላችሁ ወይስ እናንተው ጋር ይቀራል? የጂፒኤል ግዴታ የሚነሳው ቅጂ ስትሰጡ ነው። ቢሮ ውስጥ ለራሳችሁ ብቻ የምትጠቀሙበት ከሆነ ማንም ሶርስ አይጠይቃችሁም። የፔንሲዮን ቡኪንግ ሰርታችሁ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ብታስኬዱም ለጂፒኤል እንደ መስጠት አይቆጠርም፣ ወደ ደንበኛው ብራውዘር የሚወርደው ጃቫስክሪፕት ሲቀር። እሱ ቅጂ ነው። በፍላሽ መስጠት፣ በቴሌግራም መላክ፣ ሄዶ ኮምፒዩተራቸው ላይ መጫን ግን መስጠት ነው። ኤጂፒኤል የተጻፈው ይሄን የሰርቨር ቀዳዳ ለመድፈን ነው። የኤጂፒኤል ፕሮግራም ቀይራችሁ ሰዎች በኔትዎርክ እንዲጠቀሙበት ካደረጋችሁ፣ ለነሱም ሶርሱን የሚያገኙበትን መንገድ ማሳየት አለባችሁ። ሰርቨር ላይ ፒዲኤፍ ደረሰኝ የምታወጡ ሰዎች፣ ፒዲኤፍ ላይ የሚሰሩት አይቴክስትና ጎስትስክሪፕት በኤጂፒኤል ወይም በክፍያ ነው የሚገኙት።

እንግዲህ ምርጫ። ሶርሱን መስጠት ትችላላችሁ። ለላይብረሪው ባለቤት ከፍላችሁ የንግድ ላይሰንስ መግዛት ትችላላችሁ፣ ካለው። ወይም ላይብረሪውን ትቀይራላችሁ።

እኔ ልጁን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ ጋብዤው ተነጋገርን፤ አሞራዎቹ የአሳውን ትርፍራፊ ሲጠብቁ እኛ ላፕቶፕ ከፍተን ወደ ፓይሳይድ መቀየር ጀመርን። ፓይሳይድ ያንኑ ኪውት የሚባለውን የመስኮት ላይብረሪ ነው የሚጠቀመው፣ በኤልጂፒኤል ግን ይገኛል። ላይ ያሉትን የኢምፖርት መስመሮች መቀየር፣ “ፓይኪውት-ሲግናል” የሚለውን ሁሉ “ሲግናል” ማድረግ፣ ከዚያ የሚፈነዳውን አንድ በአንድ ማስተካከል። አንድ ምሽት በላ። ሲጠቀለልም ሁሉንም በአንድ ፋይል አልጨፈለቅኩትም። የፓይተን ፕሮግራም መጠቅለያው ፓይኢንስቶለር በፎልደር እንዲያወጣው አደረግኩ፣ የኪውት ፋይሎች ለየብቻ ስለሚቀመጡ የፈለገ አውጥቶ መተካት ይችላል። ፓይኢንስቶለር ራሱ ጂፒኤል ነው፣ ግን የጠቀለላችሁት ፕሮግራም እንዳይነካ ልዩ ፈቃድ አለው።

ሶርስ ለመስጠት የመረጣችሁ፣ ፍላሹ ላይ ሶርስ የሚል ፎልደር ፍጠሩ። የተሟላ ይሁን። ኮዱ፣ ፕሮግራሙን መልሶ ለመገንባት የሚያስፈልገው ስክሪፕት፣ የላይሰንሱ ሙሉ ጽሑፍ፣ የባለቤቶቹ ስም። አሁን ካልቻላችሁ ደግሞ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና “ሲጠይቁኝ እሰጣለሁ” የሚል የጽሑፍ ቃል አብራችሁ ስጡ። ኢንተርኔት ላይ የመልቀቅ ግዴታ የለባችሁም፣ ፕሮግራሙን የገዛው ሰው ካገኘው ይበቃል። ማስከፈልም ክልክል አይደለም። ገዢውን “ለማንም እንዳትሰጥ” ማለት ግን አትችሉም።

ዘግይቶ የነቃም አለ፣ እንደኔ። ጂፒኤል 3 ለመጀመሪያ ጊዜ የሳተውን ያዝንለታል፤ ባለመብቱ ካስጠነቀቀ በ30 ቀን ውስጥ ከተስተካከለ መብቱ ይመለሳል። ቨርዥን 2 እንዲህ ያለ ፋታ የለውም፣ ስትጥሱት ወዲያው ይቋረጣል።

አዲሱን ቅጂ ስጭን የቀድሞውን ሶርስ ከጂፒኤል ጽሑፉ ጋር በሌላ ፍላሽ ለጋሼ ሰጠኋቸው። “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አሉኝ። “የፕሮግራሙ ሆድ ዕቃ ነው ጋሼ፣ መብትዎ ነው” አልኳቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው ከደረሰኞቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ልጁ ግን ቀድሞ ኮፒ አድርጎታል፤ አሁን ጎረቤት ያለው የቀለም ሱቅ ውስጥ እየጫነው ነው አሉ።