ከርነል ውስጥ ኤረር ሜሴጅ ስትጽፉ በስልክ እንደሚነበብላችሁ አስቡ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያሉ አንድ ባለሱቅ የደረሰኝ ማተሚያው እንቢ አለኝ ብለው ደወሉልኝ፣ የሊኑክስ ድራይቨሩን (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ማተሚያውን የሚያዝበትን ኮድ) የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ ሎጉ ላይ መጨረሻ ያለውን መስመር ያንብቡልኝ" ብላቸው (ሎግ ከርነሉ ሜሴጆቹን የሚመዘግብበት ነው) "ፌይልድ ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም አቦ" አሉኝ። ያቺን "ፌይልድ" የጻፍኳት ራሴ ነኝ፣ ሌሊት ደክሞኝ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሁለት ማተሚያ አለ፣ የቷ እንደሆነች እንኳን አይታወቅም፣ በዚያ የድሬ ሙቀት ከከዚራ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ሄድኩላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜሴጁ ሶስት ነገር ይያዝ፦ የትኛው ዲቫይስ፣ ምን ሲሰራ፣ ምን ቁጥር መለሰ። ዲቫይሱን በእጅ አትጻፉት፣ በ"ፒአር ኧር" (pr_err) ፈንታ "ዴቭ ኧር" (dev_err) ተጠቀሙ፣ ሁለቱም ኤረር ሎጉ ላይ መጻፊያ ናቸው፣ ሁለተኛው ግን የድራይቨሩንና የዲቫይሱን ስም ራሱ ፊት ላይ ይለጥፍላችኋል። የኔዋ "ፌይልድ" አሁን "ስታተስ ስጠይቅ 5000 ሚሊሰከንድ ጠብቄ መልስ አጣሁ፣ -110" ሆናለች (እንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ሀሳቡ ግን ይሄ ነው)። -110 ማለት ሰዓቱ አለፈ ነው፣ -5 ቢሆን የግብአትና ውጤት ችግር፣ -12 ቢሆን በቂ ሜሞሪ አልተገኘም። ቁጥር መሸምደድ ከደከማችሁ ከ5.5 ከርነል ጀምሮ "ፐርሰንት ፒ ኢ" (%pe) የምትባል ፎርማት አለች፣ ከርነሉ ሲገነባ ኮንፊጉ (ማስተካከያው) ከበራ በቁጥሩ ፈንታ የኤረሩን ስም ትጽፋለች።

-517 ግን ኤረር አይደለም!! ዲቫይሱ ሌላ ድራይቨር እየጠበቀ ነው፣ ቆይቶ እንደገና ይሞከራል፣ እሱን በቀይ ጮሃችሁ ብትጽፉት ሰው በከንቱ ይደነግጣል። ፕሮብ (ድራይቨሩ ዲቫይሱን መጀመሪያ የሚረከብበት ኮድ) ውስጥ "ዴቭ ኧር ፕሮብ" (dev_err_probe) አድርጉት፣ ከ5.9 ጀምሮ አለ፣ -517 ሲመጣ ራሱ ወደ ዲበግ (በተለምዶ ወደማይታይ ደረጃ) ያወርደዋል።

ሜሞሪ አልሰጥም ሲል ምንም አትጻፉ፣ ከርነሉ ራሱ በዝርዝር ይናገራል። ሰውየው ገመዱን ነቅሎ ከሆነም ኤረር አይባልም፣ ኢንፎ (ተራ መረጃ) ይበቃዋል።

ገመድ ሲላላ ደግሞ አንዱ ሜሴጅ ሺህ ጊዜ ይደጋገምና ዋናውን መስመር ከሎጉ ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ለዚህ የ"ሬትሊሚትድ" (ድግግሞሽ የሚገድበውን) ዓይነቱን ውሰዱ፣ ካልነካካችሁት በ5 ሰከንድ 10 ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ጽሁፉን ደግሞ መስመሩ ረዘመ ብላችሁ ኮዱ ላይ ለሁለት አትቁረጡት፣ በኋላ በግሬፕ (ጽሁፍ መፈለጊያ ትዕዛዝ) ስትፈልጉት አታገኙትም፣ እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ፈልጌዋለሁ።

ጋሼ በቀደም መልሰው ደወሉ። "ሁለተኛዋ ማተሚያ፣ ስታተስ፣ መቶ አስር" አሉኝ፣ መቀነሷን ዘለዋታል። ገመዱን ይቀይሩት አልኳቸው፣ ቀየሩት፣ ማተሚያው ሲንጫጫ በስልክ ሰማሁት።